ስለ እንጆሪ አተካከል፤ አያያዝና ጥቅም
በአገው ምድር ደጋ ለሚገኙ አስተዳዳሪዎች፤ ባለ ይዞታዎችና የወረዳ ሹማምንት የቀረበ

እርሻ ሲባል አስቀድሞ በሐሳባችን የሚመጣው ሰፊው ማሳ ነው። ጤፍና ገብስ፤ ስንዴና ድንች፤ በሬና ሞፈር ይታዩናል። የአገር ቀለብ ከዚያ ስለሚገኝ ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከቤቱ ጀርባ ያለችው ትንሽ ጓሮ፤ የቤት እመቤት በእጅዋ የምትኰተኵታት፤ ልጆችም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዘለው የሚገቡባት ያች ቦታ፤ በሹማምንት መዝገብ ውስጥ እምብዛም አትገኝም። ምርትዋ በኩንታል ስለማይለካ አትቈጠርም፤ ስለማትቈጠርም ማንም አይመክርባትም።

ዛሬ ልንጽፍ ያሰብነው በዚያች ጓሮ ሊተከል ስለሚችል አንድ ፍሬ ነው፤ እርሱም እንጆሪ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ትንሽ ነገር ውስጥ አንድ ትልቅ ጥያቄ ተሰውሮ ይገኛል፤ ይኸውም፤ አዲስ ተክል ወደ አንድ ወረዳ ሲገባ የሚገባው ቤተ ሰብ እንዲጠቀምበት ነውን፤ ወይስ ለሪፖርት ማሳመሪያ እንዲሆን ነው የሚል ነው። ስለ አተካከሉ የምንጽፈው ሁሉ በመጨረሻ ወደዚህ ጥያቄ ይመለሳል።

በምሳሌነት የመረጥነው አገር በአዊ ዞን በጥርባ፤ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ያለው ነው። የምንጽፈውም በዚያ ተደርጎ የታየውን ለመተረክ ሳይሆን፤ የአገሩ ጠባይ ለዚህ ተክል ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደሚነሣው ለማስረዳት ነው።

ስለ ስሙና ስለ ዘመዶቹ

እንጆሪ የሚለው ስም በአገራችን አዲስ አይደለም። በደጋው በወንዝ ዳርና በቅጥር ላይ የሚበቅለውን እሾሃማ ቍጥቋጦ፤ ፍሬውም ሲበስል የሚጠቍረውን፤ ሰው ሁሉ እንጆሪ ይለዋል። እረኛ ያልበላው፤ እጁን ያልቧጨረው የለም። ዛሬ የምንናገርለት ግን ሌላ ነው። ይህኛው እሾህ የለውም፤ ከመሬት ከአንድ ስንዝር እምብዛም ከፍ አይልም፤ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል፤ አበባው ነጭ፤ ፍሬውም ቀይና ለስላሳ ነው። በአዲስ አበባ ነጋዴዎች ስትሮበሪ የሚሉት እርሱን ነው። አንዱ ከሌላው እንዳይደባለቅ በዚህ ጽሑፍ የእሾሁን የዱር እንጆሪ፤ የጓሮውን እንጆሪ ብቻ እንለዋለን።

ሁለቱ የስም ብቻ ሳይሆን የዘርም ዘመዶች ናቸው። የዕፀዋት ሊቃውንት ሁለቱንም ከጽጌረዳ ቤተ ሰብ ይቈጥሯቸዋል። ከዚሁ ቤተ ሰብ በአገራችን ቀጋ፤ ጥቍር እንጨትና ኮሶ ይገኛሉ። እንጅባራ ኮሶ በር ተብላ ትጠራ እንደ ነበረ የአገሩ ሰው ያውቃል። እንግዲህ አባቶቻችን ፊታቸውን አጨፍግገው ይጠጡት የነበረው መራራው ኮሶና ልጆች ሲያዩት ምራቃቸውን የሚያስውጣቸው ጣፋጩ እንጆሪ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ስለዚህ እንጆሪ ወደ ኮሶ አገር ቢመጣ ከዘመዶቹ ዘንድ መጣ እንጂ ባዕድ ሆነ አይባልም።

ከየት እንደ መጣ

በዛሬው ዘመን በዓለም ገበያ የሚሸጠው ትልልቁ እንጆሪ ከጥንት የነበረ አይደለም። አውሮፓውያን ከቀድሞ ጀምሮ በዱር የሚያውቁት የጥፍር ያህል የምታክል ትንሽ ፍሬ ነበረች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1712 ዓመት የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ አሜዴ ፍራንስዋ ፍሬዚየ የሚባል መሐንዲስ ወደ ደቡብ አሜሪካ ላከ። የተላከበትም ጉዳይ በቺሌና በፔሩ የነበሩትን የእስፓኝ ምሽጎች አይቶ እንዲጽፍ ነበር። ይህ ሰው በቺሌ አገር ሰዎች ሲያለሙት የቈየ ታላቅ ፍሬ ያለው እንጆሪ አየና ችግኙን ይዞ በ1714 ወደ አገሩ ተመለሰ። የባሕሩ ጕዞ ስድስት ወር ፈጀ፤ በመርከብም ውስጥ የሚጠጣ ውሃ እጅግ ውድ ነበርና በሕይወት ፈረንሳይ የደረሱት አምስት ችግኞች ብቻ ነበሩ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እነዚያ አምስት ችግኞች በተተከሉበት ቦታ ለመለሙ፤ አበቡ፤ ፍሬ ግን አልሰጡም። ምክንያቱም ሁሉም እንስት አበባ ብቻ ያላቸው ነበሩ። ዓመታት ካለፉ በኋላ በፈረንሳይ አገር በብሬታኝ ግዛት የሚገኙ ገበሬዎች የቺሌውን እንጆሪ ከሰሜን አሜሪካ በመጣው የቨርጂኒያ እንጆሪ አጠገብ ቢተክሉት ፍሬ ማፍራቱን አዩ። ከሁለቱ መጋባት የተወለደው ዘር የእናቱን ትልቅነትና የአባቱን መልካም መዓዛ ወረሰ። ይህንንም አንትዋን ኒኮላ ዱሼን የተባለ ወጣት ሊቅ በ1766 መርምሮ ጻፈው። ዛሬ የምንበላው እንጆሪ ሁሉ የዚያ ጋብቻ ልጅ ነው።

ይህን ታሪክ የጻፍነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ችግኙን ማምጣት ከሥራው እኩሌታ እንኳ አለመሆኑን ስለሚያስተምር ነው። ፍሬዚየ ችግኙን አመጣ፤ ፍሬውን ያገኙት ግን የሚስማማውን ጎረቤት ያገኙለት ገበሬዎች ናቸው።

በአገራችንም የዚህ ምሳሌ አለ። ድንች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1858 ዓመት ሺምፐር በሚባለው የጀርመን የዕፀዋት ሊቅ እጅ ወደ ኢትዮጵያ እንደ ገባ ይነገራል። በመጀመሪያ ሰው ብዙም አልተቀበለውም ነበር። ዛሬ ግን የአዊን ደጋ ያለ ድንች ማሰብ አይቻልም። ባሕር ዛፍም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከውጭ የገባ ነው፤ ዛሬ ግን ቤቱም አጥሩም ማገዶውም እርሱ ነው። ስለዚህ የአንድ ተክል መጀመሪያ እንግድነት መጨረሻውን አይወስነውም።

ስለ አየሩና ስለ አፈሩ

እንጆሪ ቀዝቃዛና ለዘብተኛ አየር ይወዳል። በቆላ ሐሩር ተክሉ ይደክማል፤ ፍሬውም ያንሳል። የእንጅባራ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ይበልጣል፤ በዙሪያውም ያለው አገር ደጋና ወይና ደጋ ነው። እንዲህ ያለው ብርድ ለእንጆሪ ይስማማዋል። ከብዙዎቹ ዓይነቶች አንዱ ወገን የአበባ እንቡጥ የሚይዘው ቀኑ ከ14 ሰዓት ሲያንስና አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ቀኑ በየትኛውም ወር 14 ሰዓት ስለማይደርስ በዚህ በኩል ችግር የለም።

ችግሩ ያለው በዝናቡና በአፈሩ ነው። በአገው ምድር ክረምቱ ረዥምና ብርቱ ነው። እንጆሪ ውሃ ይወዳል፤ ነገር ግን እግሩ በውሃ ውስጥ ሲቆም ሥሩ ይበሰብሳል፤ ፍሬውም በዝናብ ሲመታ ይሻግታል። ስለዚህ ፍሬው የሚደርስበት ጊዜ ከክረምት ውጭ እንዲሆን ማሰብ ይገባል፤ መደቡም ከፍ ብሎ መሠራት አለበት።

ስለ አፈሩ የሚባለው ደግሞ ይህ ነው። ከአገራችን የሚታረስ መሬት ከመቶ 40 የሚበልጠው አሲድ የበዛበት እንደ ሆነ ይገመታል፤ የአዊ ቀይ አፈርም ከዚህ ወገን ነው። ለብዙ ዘመን ዝናብ ያጠበው አፈር ኮምጣጣ ይሆናል፤ በኮምጣጣ አፈርም ገብሱ ይቀጭጫል። እንጆሪ ጥቂት ኮምጣጣ አፈር ይወዳል፤ በሊቃውንት መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ያለውን ማለት ነው። ይህን የሰማ ሰው ኮምጣጣ ከወደደ የእኛ አፈር እንዳለ ይበቃዋል ብሎ እንዳይሳሳት ይጠንቀቅ። አፈሩ ከ5.5 በታች ከወረደ ለእንጆሪም ይከብደዋልና አስቀድሞ አፈሩን አስመርምሮ፤ እንደ ምርመራው ውጤት ከተከላው ከአንድ ወር በፊት ኖራ መቀላቀል ያስፈልጋል። የበሰበሰ ፍግና ኮምፖስት ደግሞ በማንኛውም አፈር ላይ ይጠቅማል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። እንጆሪን በድንች፤ በቲማቲም ወይም በበርበሬ እግር መትከል አይገባም። ሥርን የሚያደርቅ አንድ ዓይነት በሽታ በእነዚህ ተክሎች ላይ ያድርና በአፈር ውስጥ ዓመታት ይቈያል፤ በኋላ የተተከለውን እንጆሪ ይገድለዋል። የአዊ ጓሮ ሁሉ ድንች የተተከለበት እንደ መሆኑ መጠን ይህ ምክር ችላ የሚባል አይደለም። ባለፉት ሦስት ወይም አራት ዓመታት ገብስ፤ ጤፍ ወይም ሣር የነበረበትን ቦታ መምረጥ ይሻላል።

ስለ አተካከሉ

ለመትከል የሚሻለው ጊዜ ክረምቱ ሲወጣ፤ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ነው። አፈሩ ገና እርጥብ ነውና ችግኙ ቶሎ ይይዛል፤ በበጋውም ውሃ እየጠጣ ይደረጃል።

መደቡ ወርዱ አንድ ሜትር ያህል፤ ከፍታው አንድ ስንዝር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፤ ሁለቱም ጎን ውሃ የሚያወርድ ቦይ ይኑረው። ችግኙ በሁለት ረድፍ፤ በአንዱና በሌላው መካከል 30 ሴንቲ ሜትር እየተለካ ይተከላል። በዚህ ልክ 5 ሜትር ርዝመት ያለው መደብ 32 ያህል ችግኝ ይይዛል። ለአንድ ቤተ ሰብ መጀመሪያ ይህ ይበቃል።

ችግኙ ሲተከል የሚደረገው ጥንቃቄ አንድ ነው፤ እርሱም ስለ ተክሉ እምብርት ነው። ቅጠሉ ከሥሩ ጋር የሚገናኝበት ወፍራሙ ቦታ እምብርት ይባላል። እምብርቱ ከአፈር በታች ከተቀበረ ይበሰብሳል፤ ሥሩ ከአፈር በላይ ከታየ ይደርቃል። እምብርቱ ልክ ከአፈሩ ገጽ ጋር እኩል መሆን አለበት። ብዙ ተክል የሚሞተው በዚህ ስሕተት ነው።

ከተከላ በኋላ በመጀመሪያ የሚወጡት አበቦች ይቀንጠሱ። ይህ ለጀማሪ የሚከብድ ነገር ነው፤ አበባ አይቶ ማን ይቈርጣል? ነገር ግን ሥሩ ሳይጸና ያፈራ ተክል ልጅነቷን ሳትጨርስ እንደ ወለደች እናት ይደክማል። ከአምስት ወይም ከስድስት ሳምንት በኋላ የሚመጣው አበባ ግን ይተው።

ከዚህ ቀጥሎ መደቡን በጤፍ ጭድ ወይም በገብስ ገለባ ጉዝጓዝ ማልበስ ነው። ጉዝጓዙ እርጥበት ይጠብቃል፤ አረም ያፍናል፤ ፍሬውም ከጭቃ እንዳይነካ ያደርጋል። በበጋ ወራት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማጠጣት ያስፈልጋል። ውሃው በቅጠሉና በፍሬው ላይ ሳይሆን በእግሩ ይፍሰስ፤ ጊዜውም ጧት ይሁን።

እንጆሪ ራሱን የሚያባዛው በሐረግ ነው። ከእናቲቱ ተክል ቀጭን ሐረግ በመሬት ላይ ይሳባል፤ አፈር በነካበትም ቦታ ሥር ሰዶ ልጅ ይተክላል። ፍሬ በሚፈለግበት መደብ ሐረጉ እየተቈረጠ ይጣላል፤ የእናቲቱን ጕልበት ይበላልና። ችግኝ በሚፈለግበት ቦታ ግን ጤነኞቹ እናቶች ተለይተው ሐረጋቸው ይተዋል። ከአንዲት እናት አምስት ልጅ ብቻ ቢወሰድ እንኳ 10 እናቶች 50 ይሆናሉ፤ እነዚያ 50ዎቹ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ 250 ይሆናሉ። ስለዚህ ብዙ ችግኝ በብዙ ገንዘብ መግዛት ሳያስፈልግ፤ ጥቂት ጤነኛ ችግኝና ትዕግሥት ይበቃሉ። በየሦስት ዓመቱም አሮጌው መደብ ተነሥቶ በሌላ ቦታ በአዲስ ልጆች ይተካል።

ስለ ጠላቶቹና ስለ ወዳጆቹ

የእንጆሪ የመጀመሪያ ጠላት ግራጫ ሻጋታ ነው። እርጥበት ሲበዛ ፍሬውን አመድ የነሰነሱበት አስመስሎ ያበሰብሰዋል። መድኃኒቱ ከሁሉ አስቀድሞ ንጽሕና ነው፤ የበሰበሰውን ፍሬና የደረቀውን ቅጠል ለቅሞ ከመደቡ ማራቅ፤ ተክሉንም አለማጠጋጋት ነው። ቀንድ አውጣና ቅርፊት የሌለው ዘመዱ በሌሊት ፍሬውን ይበሱታል፤ በማታ መብራት ይዞ መልቀም ይቻላል። ወፍም ቀይ ፍሬ ይወዳልና በሚበስልበት ጊዜ መረብ መጋረድ ወይም ልጆችን ማስጠበቅ ያስፈልጋል። ልጆች ሲጠብቁ ግን ጠባቂው ራሱ እንዳይበላው ሌላ ጠባቂ ያሻል።

ከኅዳር እስከ ጥር በደጋው ሌሊት የሚወርደው ውርጭ የአበባውን መካከል ያጠቍረዋል፤ እንዲህ የሆነ አበባ ቅጠሉ ነጭ እንደ ሆነ ቢታይም ፍሬ አይሰጥም። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ በሌለበት ማታ መደቡን በጭድ ወይም በጨርቅ ሸፍኖ ጧት መግለጥ ብዙ ጊዜ ያድነዋል።

ከወዳጆቹ የበላይዋ ንብ ናት። በእንጆሪ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ፍሬዎች፤ ሰው ዘር የሚላቸው፤ በእውነቱ እያንዳንዳቸው ፍሬዎች ናቸው፤ የምንበላው ቀይ ሥጋ ደግሞ ያበጠ የአበባ መቀመጫ ነው። እያንዳንዱ ጥቃቅን ፍሬ የአበባ ዱቄት ሲደርሰው በዙሪያው ያለው ሥጋ ያድጋል፤ ያልደረሰው ቦታ ግን ይሰረጕዳል። የተጣመመ እንጆሪ የሚወጣው ስለዚህ ነው። የዛሬዎቹ ዓይነቶች ወንዴውንና ሴቴውን በአንድ አበባ የያዙ በመሆናቸው እንደ ፍሬዚየ ችግኞች መካን አይሆኑም፤ ነገር ግን የተሟላና የተዋበ ፍሬ የሚሰጡት ንብ ስትጐበኛቸው ነው። ቀፎ በየቤቱ ላለው ለአገው ሰው ይህ መልካም ዜና ነው። ስለዚህም እንጆሪ ሲያብብ መርዝ መርጨት የራስን ቀፎ መግደል መሆኑን ለገበሬው ማስረዳት የሹሙ ሥራ ነው።

ስለ አለቃቀሙና ስለ አበላሉ

አበባው ከፈካ በኋላ አንድ ወር ያህል ሲሆነው ፍሬው ይደርሳል። እንጆሪ እንደ ሙዝ ከተለቀመ በኋላ አይበስልም፤ ሳይበስል የተለቀመ እንደ ጐመዘዘ ይቀራል። ስለዚህ ዙሪያውን ሁሉ እስኪቀላ መጠበቅ፤ ከዚያም በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንድ ጊዜ፤ በጧት ጤዛው እንደ ደረቀ፤ ከነዘንጉ መቀንጠስ ነው። እስኪበላ ድረስ አይታጠብ፤ በጥላ ይቀመጥ፤ እርስ በርሱም አይቈለል።

በመልካም አያያዝ ከአንድ ተክል በዓመት ሩብ ኪሎ ያህል ቢገኝ፤ 32 ተክል 8 ኪሎ ይሰጣል። ይህ ባለጠጋ አያደርግም። ነገር ግን ፍሬው የሚበዛበት ጊዜ ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው ነው፤ ይኸውም ጓሮው የሚደርቅበት፤ ዐቢይ ጾምም የሚውልበት ወራት ነው። በዚያ ጊዜ ሽሮና ጐመን ለሰለቸው ልጅ ከጧት ጤዛ ጋር የተለቀመ አንድ እፍኝ እንጆሪ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ከክብደቱ ከመቶ 90 ያህሉ ውሃ ነው፤ በ100 ግራም ውስጥ ግን 60 ሚሊ ግራም ያህል ቪታሚን ሲ ይገኝበታል፤ ይህም ከብርቱካን አያንስም።

ከጾም ውጭ ከእርጎ ጋር ተደባልቆ፤ ከላዩም የአገሩ ማር ጠብ ቢደረግበት ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ ነው። የተረፈውን ደግሞ ማርማላታ ማድረግ ይቻላል። ለአንድ ኪሎ ፍሬ ሦስት ሩብ ኪሎ ስኳርና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ተጨምሮ፤ በለዘብተኛ እሳት እየተማሰለ ይፈላል፤ ጠብታው በቀዝቃዛ ሳሕን ላይ ሲወርድ ሳይፈስ ከቆመ በስሏል። በተቀቀለ ጠርሙስ ውስጥ ትኩሱን ገልብጦ መክደን ነው። ሎሚው የሚጨመረው እንጆሪ በራሱ ቶሎ ስለማይረጋ ነው።

ለሹማምንት የሚሰጥ ምክር

አሁን በመጀመሪያ ወደ ጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። ይህን ያነበበ አንድ ሹም፤ መልካም አሳቢ ሆኖ፤ በወረዳው ሁሉ እንጆሪ ይተከል ብሎ ትእዛዝ ቢያወጣ፤ ለየቀበሌውም ይህን ያህል ሺህ ችግኝ ብሎ ድርሻ ቢመድብ ምን ይሆናል? ችግኙ በችኮላ ከማይታወቅ ቦታ ይመጣል፤ ከእርሱም ጋር በሽታው ይመጣል። ገበሬው ሳይወድ በድንች እግር ይተክለዋል። የተረፈውም በአንድ ሳምንት በአንድነት ይደርስና ገበያ ያጣል። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም፤ ምክንያቱም እንጆሪ በሁለተኛው ቀን ይለሰልሳል፤ በሦስተኛው ይበላሻል።

ከእንጅባራ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ፤ ባሕር ዳር ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ሳይኖር የአዲስ አበባን ገበያ ተስፋ ማድረግ አይገባም። የባሕር ዳር ሆቴሎችና ጭማቂ ቤቶች ይቀርባሉ፤ ነገር ግን ገዥው አስቀድሞ ተነጋግሮ፤ መጠኑና ቀኑ ተወስኖ መሆን አለበት። ገዥ ሳይኖር ለሽያጭ ተክሎ የከሰረ ድኻ ለሁለተኛ ጊዜ የሹምን ምክር አይሰማም፤ መስማትም አይገባውም።

በአንድ ተክል ብቻ መታመን ምን እንደሚያመጣ የአዊ ገበሬ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ዲከረንስ የሚባለው ከአውስትራልያ የመጣ ግራር በደከመው ኮምጣጣ መሬት ላይ ተተክሎ፤ በጥቂት ዓመት ለከሰል እየደረሰ ለብዙ ቤት ገንዘብ አስገኝቷል፤ መሬቱንም አልብሷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የዝገት በሽታ ደርሶበት ተስፋውን በእርሱ ላይ ብቻ የጣለ ሁሉ ተጎዳ። ይህን የምንለው ዲከረንስ አይተከል ለማለት ሳይሆን፤ በአንድ እግር የቆመ ቤት በአንድ ሌሊት እንደሚወድቅ ለማስታወስ ነው። እንጆሪም የዲከረንስን ቦታ ይተካል ብለን አንሰብክም። ለትልቁ ገቢ ጐን ትንሽ ረዳት፤ ለቤት ገበታም ጌጥ ቢሆን ይበቃዋል።

ስለዚህ ሥራው በሚከተለው ሥርዓት ቢጀመር መልካም ነው እንላለን።

1ኛ፤ ችግኙ ጤንነቱ ከታወቀ ቦታ ይምጣ። ከውጭ አገር የሚገባ ከሆነ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን የኳራንቲን ሕግ መሠረት ይመርመር፤ በኪስና በሻንጣ ተሰውሮ የሚገባ ችግኝ የአገር ጠላት ሊያስገባ ይችላል። በዓለም የታወቁት ዓይነቶች፤ እንደ ቻንድለር፤ ካማሮሳና አልቢዮን ያሉት፤ በየራሳቸው ጠባይ ስለሚለያዩ የትኛው እንደሚስማማ ሳይፈተን አይወሰን።

2ኛ፤ ፈተናው በገበሬ ኪሳራ አይደረግ። በአዴት የግብርና ምርምር ማዕከልና በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ሊቃውንት ይጠየቁ፤ ከዚያም በትምህርት ቤት፤ በጤና ጣቢያና በወረዳ ጽሕፈት ቤት ግቢ ትንሽ ትንሽ መደብ ይሠራ።

3ኛ፤ ሹሙና ባለ ይዞታው አስቀድመው በራሳቸው ጓሮ ይትከሉ። በራሱ ጓሮ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ያላሳለፈውን ተክል ለሌላ የሚያዝ ሰው ያላየውን መንገድ የሚመራ ነው። ተክሉ ቢሞትበት ለምን እንደ ሞተ ያውቃል፤ ቢያፈራለትም ማንም ሳያዝ ጎረቤቱ ችግኝ ይለምነዋል።

4ኛ፤ ከወረዳው ችግኝ የሚሰጠው ለጠየቀ ብቻ ይሁን፤ ከሁሉም በፊት ለሴቶች ይሰጥ፤ ጓሮው በእነርሱ እጅ ነውና። ለአንድ ቤት 10 ችግኝ ይበቃል። የቀረውን ሐረጉ ራሱ ያባዛዋል።

5ኛ፤ በሪፖርት የሚጻፈው የተከፋፈለው ችግኝ ቍጥር ሳይሆን፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኘው፤ ፍሬውንም የበላው ቤተ ሰብ ቍጥር ይሁን። ይህ ቍጥር በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ ይሆናል። ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ ከሆነ አለቃ ሊቈጣበት አይገባም።

ክቡራን ሆይ፤ በሰፊው ማሳ ላይ የሚሠራው ሥራ ታላቅ ነው፤ እርሱን የሚያስተው ምንም የለም። ነገር ግን አስተዳዳሪ በአንድ ወረዳ ሲያልፍ ሕዝቡ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ቢፈልግ፤ ከጎተራው ቀጥሎ ጓሮውን ይመልከት። በየካቲት ጧት በጥርባ መንገድ ዳር ከአንዲት ሴት ጓሮ ውስጥ፤ ማንም ሳያዛት የተተከለች፤ በጭድ የለበሰች፤ ፍሬዋም የቀላ አንዲት መደብ ያየ ቀን፤ ይህ ጽሑፍ ዋጋውን አገኘ ማለት ነው። የዚያን ቀን የቤቲቱ ባለቤት ከእፍኝ የበለጠ አትሰጠውም ይሆናል፤ እርሱ ግን ከልጆቹ በፊት እጁን አይዘርጋ።